የባሕር ዳርና የጣና አሮጌ ፖስት ካርዶች፦ አንዲት ሱቅ ስትገመገም

በባሕር ዳር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ወደ ሐይቁ ዳር በሚያወጣው መንገድ አካባቢ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በልብስ ሰፊ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። በሯ ላይ የድርጅት ስም አልተጻፈም፤ ያለው «አሮጌ መጻሕፍት፣ ቴምብርና ፖስት ካርድ» የሚል በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ ነው። መጻሕፍቱ ከሌላ ቦታ የተለዩ አይደሉም፤ ቴምብሩም አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኘው አይበልጥም። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ፖስት ካርዱ ነው። የከተማዋንና የጣናን ዳርቻ የሚያሳዩ የድሮ ካርዶችን በቦታና በዘመን ለይቶ፣ ስለ እያንዳንዱ ካርድ የሚታወቀውን ጽፎ የሚሸጥ ሌላ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አላውቅም።

ካርዶቹ የተቀመጡት በጫማ ካርቶኖች ውስጥ ሲሆን፣ በየመካከላቸው «ከተማው»፣ «ወደብና ጀልባ»፣ «ደሴቶችና ገዳማት»፣ «ጢስ ዓባይ»፣ «ታንኳ»፣ «ጎርጎራ» የሚሉ ወፍራም ወረቀቶች ገብተዋል። እያንዳንዱ ካርድ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከኋላው በእርሳስ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ተያይዛለታለች። ብጣሿ የሥዕሉን ቦታ፣ የአሳታሚውን ስም፣ የካርዱን መጠን፣ የተገመተውን ዘመንና ካርዱ ከየት እንደተገኘ ትናገራለች። ባለቤቱ የማያውቁትን አይሞሉም፤ «አሳታሚው አልታወቀም» ወይም «ዘመኑ አጠራጣሪ» ብለው ይተዉታል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን «የጃንሆይ ዘመን ነው» እያለ በሚያሻሽጥበት ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንደ እኔ ግምት የሱቋ ትልቁ ሀብትም ይኸው ነው።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ታሪክ ማስቀደም ያስፈልጋል። ፖስት ካርድ በመንግሥት ፖስታ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በኦስትሪያ-ሃንጋሪ በፈረንጆች 1869 ሲሆን፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ በዓለም የገነነው ግን ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ኢትዮጵያ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት አቋቁማ በ1901 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። በዚያ ዘመን የወጡት የሀገራችን ካርዶች አብዛኞቹ አዲስ አበባን፣ ሐረርንና ድሬዳዋን የሚያሳዩ ናቸው፤ ፎቶ አንሺዎቹ፣ የውጭ ሀገር ነጋዴዎቹና የምድር ባቡሩ የነበሩት በዚያ በኩል ነውና። ጣና ከዚህ መስመር የራቀ ስለነበር የምኒልክ ዘመን የሐይቁ ካርድ ብርቅ ነው። ሱቋ አንድም የላትም፤ ይህንንም እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ይልቁንም «የምኒልክ ጊዜ የጣና ካርድ» የሚል ሻጭ የገጠመው ሰው ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት። በመጀመሪያዎቹ ካርዶች ጀርባው ለአድራሻ ብቻ የተተወ ነበር፤ መልእክቱ የሚጻፈው በሥዕሉ ዳር ዳር ነው። ጀርባውን በመስመር ከፍሎ ግራውን ለመልእክት፣ ቀኙን ለአድራሻ ማድረግ የተፈቀደው እንግሊዝ ውስጥ በፈረንጆች 1902 ሲሆን፣ ፈረንሳይና ጀርመን ጥቂት ዘግይተው ተከትለዋል። ስለዚህ ጀርባው ለሁለት የተከፈለ ካርድ ከዚያ ቀደም ታተመ ቢባል ወሬው ከካርዱ ጋር አይስማማም።

በሱቋ ውስጥ ዘመናቸው ወደ ኋላ የሚርቀው ካርዶች የጣሊያን ወረራ ጊዜ ካርዶች ናቸው። የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጣና ዳርቻ ከደረሰ በኋላ፣ ሐይቁ፣ ደሴቶቹና ፏፏቴው በወታደሮችና በመንገድ ሠራተኞች በኩል ወደ ጣሊያን የሚላኩ ካርዶች መልክ ሆኑ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በማተሚያ ቀለም የተባዙ ሳይሆኑ፣ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በቀጥታ ታጥበው የወጡ ናቸው። ባለቤቱ ከሳጥኑ አንዱን አውጥተው ሲሰጡኝ ዓይኔ ወደ ሥዕሉ መሄዱን አይተው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ገልብጠህ እየው፤ ፊቱ የትም አይሄድብህም» አሉኝ።

የካርዱ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ጥቁር የወረቀት ቅዳጅ ተለጥፎበታል፤ ከአንድ ቤተሰብ አልበም ላይ ተገንጥሎ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል የጣሊያንኛ መግለጫና ከጎኑ የሮማ ቁጥር 15 ታትሟል። ይህ ቁጥር የፋሽስቱ መንግሥት ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቆጥረው ዘመን ስለሆነ፣ ካርዱ የታተመው ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ፊቱ ላይ አንድ ሰው በታንኳ ላይ ቆሞ በረጅም ዘንግ ይገፋል። የታንኳው አፍንጫ ወደ ላይ ቆልመም ያለ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የደንገሉ እስር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሥዕሉን ጥቁር ክፍል ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት መስታወት መሰል የብር ወዝ ያብለጨልጫል። በወረቀቱ ውስጥ ያለው ብር ከዘመን ብዛት ወደ ላይ ወጥቶ የሚፈጥረው ይህ ወዝ በማተሚያ ቀለም በተባዛ ካርድ ላይ አይታይም፤ በዚያ ላይ አጉሊ መነጽር የሚያሳየው የነጠብጣብ መንጋ ነው።

የብር ወዙና የነጠብጣቡ ፈተና ለማንም ሰው በቂ መነሻ ነው፤ ሱቋ ግን አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አላት። ባለቤቱ ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን ትንሽ ወይንጠጅ መብራት በመሳቢያቸው ያስቀምጣሉ። ከፈረንጆች 1950ዎቹ ወዲህ ወረቀትን ለማንጣት የገቡት ኬሚካሎች በዚህ መብራት ሥር በደማቅ ሰማያዊ ነጭ ይፈካሉ፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ወረቀት ግን ደብዘዝ እንዳለ ይቀራል። የወረራው ዘመን ነው የተባለ ካርድ በመብራቱ ሥር እንደ አዲስ ሸሚዝ ቦግ ካለ፣ ካርዱ ኋላ የተባዛ ነው። ባለቤቱ ይህን ፈተና ያለ ጥያቄ በገዢው ፊት ያደርጋሉ። ከያዟቸው መካከል ሁለቱ በዚህ መንገድ ቅጂ ሆነው ተገኝተው በብጣሻቸው ላይ «ኋላ የተባዛ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ወርዷል።

ሆኖም በብዛትም በጥራትም የምትመረጠው ሳጥን የወረራው ዘመን ሳትሆን ከ1950ዎቹ እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ ያሉትን ካርዶች የያዘችው ናት። በእነዚያ ዓመታት ባሕር ዳር ከአነስተኛ የሐይቅ ዳር መንደርነት ወጥታ በፕላን የምትሠራ ከተማ ሆናለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ እና የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሁሉም የ1950ዎቹ ሥራዎች ናቸው፤ የቤዛዊት ቤተ መንግሥትም በዚያው ዘመን አካባቢ በኮረብታው ላይ ብቅ ብሏል። በዚያው አሥርት ዓመት የተቋቋመው የቱሪስት ድርጅት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀጋ» ብሎ ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ጣናና ጢስ ዓባይ ከፖስተርና ከፖስት ካርድ ላይ አልጠፉም። ለሰብሳቢ የሚጠቅመው ነገር እነዚህ ካርዶች ቀን ባይጻፍባቸውም በሥዕሉ ውስጥ ባለው ነገር ዘመናቸው የሚታወቅ መሆኑ ነው። ዛፎቹ ገና ችግኝ የሆኑበት ሰፊ ጎዳና፣ የፋብሪካው ጣሪያ፣ ባዶ የሆነው የቤዛዊት አናት፣ እያንዳንዱ «ከዚህ በፊት» ወይም «ከዚህ በኋላ» የሚል ምስክርነት ይሰጣል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ የሚያሳይ ካርድ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከሌለ፣ ፎቶው ከ1988 ዓ.ም. በፊት የተነሣ ነው።

የጢስ ዓባይ ሳጥን ብቻዋን ሌላ ግምገማ የሚወጣት ናት። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል፤ በአሮጌዎቹ ካርዶች ላይም ከገደሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ አረፋ ለብሶ ይታያል። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ይህን መልክ ዓመቱን ሙሉ ማየት ቀርቷል። በዚህ የተነሣ ብዙ ገዢዎች «ፏፏቴው ድሮ እንዲህ ነበር» ለማለት የሞላ ፏፏቴ ያለበትን ካርድ ሁሉ በጥድፊያ ይገዛሉ። እኔ ግን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ክረምትና መስከረም ላይ የተነሣ ፎቶ ያኔም ሙሉ ነበር፤ ዛሬም ውኃው ሲለቀቅና ክረምቱ ሲበረታ ፏፏቴው ይሞላል። ለማነጻጸር የሚረዳው ሣሩን መመልከት ነው። በካርዱ ዳር ያለው ኮረብታ አረንጓዴ ከሆነ ሥዕሉ ስለ ዘመኑ ብዙም አይናገርም፤ ሣሩ ደርቆ ገለባ መስሎ ፏፏቴው ግን ሞልቶ የሚታይበት ካርድ ነው የበጋውን የቀድሞ ፍሰት የሚመሰክረው። በሱቋ ውስጥ እንዲህ ያለ ካርድ አግኝቻለሁ፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ዋጋ ተለጥፎበት ነበር። ባለቤቱ ይህን ልዩነት በብጣሻቸው ላይ አለማስፈራቸው ከእርሳቸው የማይጠበቅ ነው፤ ለገዢ ግን ደግ ዕድል ሆኗል።

የካርዶቹ መግለጫም ሁልጊዜ አይታመንም። በውጭ ሀገር የታተሙ አንዳንድ ካርዶች ጢስ ዓባይን «የዓባይ መነሻ» ይሉታል፤ ፏፏቴው ግን ከመነሻው ከሐይቁ ብዙ ርቆ ነው የሚገኘው። ባለቤቱ እንዲህ ያለውን ስሕተት በብጣሿ ላይ ያርማሉ፤ የታተመውን መግለጫ ሳይደልዙ ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋሉ። በታንኳው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር አለ። በሐይቁ ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ተወላጆች የሚያሳዩት የወረራው ዘመን ካርዶች ሰዎቹን ስም እንደሌላቸው «የሀገሬው ዓይነት» አድርገው ያቀርቧቸዋል። ባለቤቱ እነዚህን ካርዶች በመስታወት ውስጥ ለእይታ አይሰቅሉም፤ ለጠየቀ ሰው ብቻ ከሳጥኑ ያወጣሉ። ውሳኔያቸውን እደግፋለሁ።

የተላከና ያልተላከ ካርድ ጉዳይ ከዋጋ ጋር ስለሚያያዝ ሰፋ አድርጌ ላቅርበው። ባሕር ዳር ውስጥ የሚገኘው አሮጌ ካርድ ባብዛኛው ያልተላከ ነው፤ ከሆቴልና ከስጦታ ዕቃ መደብር የተረፈ፣ አድራሻ ያልተጻፈበት፣ ቴምብር ያልነካው። የተላከው ካርድ ስሙ እንደሚያመለክተው ሄዷል፤ የሚገኘው ጣሊያን፣ ጀርመን ወይም ሌላ ሀገር በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ነው። ባለቤቱ የተላኩትን የሚያስመጡት በውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻቸው በኢንተርኔት ጨረታ እየገዙ ወደ ሀገር ቤት ሲመጡ እንዲይዙላቸው በማድረግ ነው። ስለዚህ የተላከ ካርድ ከንጹሑ ይወደዳል፤ ይህም ተገቢ ነው እላለሁ። ከባሕር ዳር ፖስታ ቤት ማኅተም ጋር የመጣ ካርድ ቀንና ቦታ አለው፤ ማኅተሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የፈረንጆችን ቀን መሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል። በእጄ ከያዝኋቸው አንዱ ላይ ላኪው በጠባብ ጽሑፍ ስለ ሐይቁ ዓሣና በጀልባ ስለሄደበት ደሴት ጽፎ፣ ቦታ ሲያልቅበት ሰላምታውን በቴምብሩ ዙሪያ አዙሮታል። እንዲህ ያለውን ካርድ ሥዕሉ የደበዘዘ ቢሆንም ከንጹሕ ካርድ አስቀድሜ እገዛዋለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚሁ ከጀርባው ነው። በሱቋ ካሉት የተላኩ ካርዶች መካከል የተወሰኑት ቴምብራቸው ተነሥቶ ማኅተሙ ግማሽ የቀረባቸው ናቸው። ይህ የቀድሞ የቴምብር ሰብሳቢዎች ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቴምብሩ የተነሣበት ካርድ ሙሉ ከሆነው ጋር በአንድ ዋጋ መቅረቡ ትክክል አይደለም። በአጠቃላይ የዋጋ አወጣጡ ሥዕሉን ይከተላል። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ያልተላኩ የቀለም ካርዶች ከ200 እስከ 400 ብር ይሸጣሉ፤ ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው። የወረራው ዘመን ፎቶግራፎች ግን ከ2,000 ብር ይጀምራሉ፤ ገዳም ወይም ታንኳ ካለባቸው ደግሞ ዋጋቸው አይቀመስም። ለብጣሻቸው ይህን ያህል የሚጨነቁ ሰው ዋጋ ሲያወጡ ብጣሿን የሚረሷት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአሮጌው ድልድይ ካርዶችም ዋጋ ተሰቅሏል፤ ድርድር ግን አለ፤ ሁለት ሦስት ካርድ አንድ ላይ ለሚወስድ ሰው እጃቸው ይፈታል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ አቀማመጡን ይመለከታል። ካርዶቹ የገቡበት ላስቲክ አንዳንዱ ጠንከር ያለና ሽታ የሌለው ሲሆን፣ ሌላው ግን ለስላሳ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅና እንደ አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸት ነው። ይህ ለስላሳው ዓይነት ከጊዜ ብዛት የሚያወጣው ኬሚካል ፎቶግራፉን ያበላሻል፤ በእርጥበት ጊዜ ደግሞ የፎቶውን ፊት ከላስቲኩ ጋር ያጣብቀዋል። ሱቋ ከሐይቁ ብዙ ያልራቀች ስለሆነች በክረምት የሳጥኖቹ ግርጌ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ገዢ ካርዱን ቤቱ እንደደረሰ ከለስላሳው ላስቲክ አውጥቶ በማይሸት ላስቲክ ወይም በንጹሕ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ቢያኖረው፣ በሳጥኑ ውስጥም ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ቢጨምርበት ይበጃል። መስኮቱ አጠገብ የተሰቀሉትን ካርዶች አልመክርም። የፀሐይ ብርሃን ቀይና ቢጫ ቀለማቸውን በልቶት ሰማያዊው ብቻ ቀርቷል፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች ያሉበት ካርድ መላእክቱ ሁሉ ብርድ የመታቸው መስለዋል።

አገልግሎቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም፤ መልካም ነው። ገዢ ሳይገዛ ቢቆይም ፊት አይነሣም፤ ሳጥኖቹን ለማየት እጅን መታጠብ ግን ግዴታ ነው፤ በርጩማው አጠገብ ውኃና ፎጣ ተዘጋጅቷል። ክፍያ በቴሌብርም ይቻላል። ወደ ሌላ ከተማ በአውቶቡስ ይልካሉ፤ አስተሻሸጉ ግን ሊሻሻል ይገባዋል፤ ከአንድ ስስ ካርቶን ይልቅ ካርዱን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጠንካራ ካርቶን አጣብቀው ቢልኩ ማዕዘኑ አይታጠፍም። ካርዱን መግዛት ለማይችሉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በስካነር አንሥተው ቅጂ ይሰጣሉ፤ በቅጂው ጀርባ «ቅጂ» የሚል ቀይ ማኅተም ስለሚመቱበት ነገ ተነገ ወዲያ እንደ ዋናው ተደርጎ እንዳይሸጥ ተጠንቅቀዋል። የከተማውን የቀድሞ ፕላን የሚያጠኑ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ይህን አገልግሎት ሊያውቁት ይገባል።

አዲስ ሰብሳቢ ከወዴት ይጀምር ለሚለው፣ ከ«ከተማው» ሳጥን ቢጀምር እመክራለሁ። ዋጋው ይቀመሳል፤ በሥዕሉ ላይ ያለውን ቦታ ዛሬ በእግሩ ሄዶ ሊያመሳክረው ይችላል፤ የዘመን አቆጣጠሩንም ከፋብሪካውና ከጎዳናው ይማራል። «ደሴቶችና ገዳማት» በቁጥር ብዙ ቢሆንም አንድ ዓይነት ሥዕል በተለያየ አሳታሚ እየተደጋገመ የሚገኝበት ነው፤ ናርጋ ሥላሴንና ዳጋ እስጢፋኖስን የሚያሳዩት ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር አንድ ሁለት ወስዶ ማለፍ ይበቃል። በሰሜኑ የሐይቁ ዳርቻ ላለችው ለጎርጎራ የተመደበችው ሳጥን ግን ስሟ ብቻ ነው ያለው፤ ከውስጧ የሚወጡት ካርዶች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ከመሆናቸውም በላይ ግማሾቹ ብጣሻቸው «ቦታው አጠራጣሪ» ይላል። ጎርጎራን የሚፈልግ ሰው ወደ ጎንደር በኩል ቢጠይቅ ይሻለዋል።